ምሰሶ ላይ የወጣው ሲንጀር

ደሳለኝ ተሳቢ መኪና መንዳት ያቆመው ወዶ አይደለም። መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሄዶ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፊደሎች አንብብ ሲባል፣ ከላይ ያለውን ትልቁን ብቻ አነበበና አቆመ። የምትመረምረው ሴት ደጋግማ ጠየቀችው። “ታች ያሉት ትንኝ ነው የሚመስሉኝ” አላት። በዚያው ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ከጅቡቲ ወደብ እየጫነ በሚሌና በኮምቦልቻ ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ሰው፣ ሸዋ ሮቢት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለው ቤቱ በረንዳ ላይ ቁጭ አለ።

ቁጭ አለ ይባል እንጂ አልተቀመጠም። ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል። ድሮ ሞተር የሚያስነሣበት ሰዓት ነውና ሰውነቱ መተኛት እምቢ ይለዋል። ጫማውን ያደርጋል፤ አድርጎ ወዴት እንደሚሄድ ግን አያውቅም። ግቢውን ይዞራል። የውጭ በሩን ከፍቶ መንገዱን ያይና መልሶ ይዘጋዋል። የበርሜሉን ክዳን አንሥቶ ውሃውን ያይና ይከድነዋል። የቆላው ሙቀትም አያግዘውም፤ ረፋድ ላይ ጣራው መጋል ሲጀምር ቤት ውስጥ አያስቀምጥ፣ ውጭም አያስቆም።

“ኧረ እባክህ እረፍ!” ትለዋለች ሚስቱ አሰገደች። “ዶሮዎቹ እንኳ አንተ እግራቸው ሥር ስትመላለስ ደንብረው እንቁላል መጣል ትተዋል።”

አንድ ቀን አሰገደች ቂጡ የተበሳ ማንቆርቆሪያ ሰጠችውና ሂድ ጣልልኝ አለችው። ይዞት ወጣ። ቆሻሻ መጣያው ዘንድ ሳይደርስ ግን ቆመ። ለምን እንደቆመ ራሱም አላወቀም። ተመልሶ ገባና ማንቆርቆሪያውን አፈር ሞላው፤ ከጎረቤት አሪቲ ገንጥሎ ተከለበት፤ እጀታውን በሽቦ አስሮ ማንጎው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው። አሪቲው በአፉ በኩል ተንዠርግጎ ሲያየው ትንሽ ፈገግ አለ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜም ወደ መንገዱ አልወጣም።

በዚያ ተጀመረ። ሾፌር ጓደኞቹ ያለቀ ጎማ ሲጥሉለት በቢላዋ እየቆረጠ፣ እየገለበጠ ትልልቅ የአበባ መትከያ አደረጋቸው። ምስሉ የጠፋውን ቴሌቪዥን ሆድ ዕቃውን አውጥቶ ጣለና መስተዋቱ በነበረበት በኩል ጤና አዳም አበቀለበት። የወለቀ በር በድንጋይ ላይ አጋድሞ አግዳሚ ወንበር ሠራ። ቀለማቸው የተላጠ የብረት ሳህኖችን ግማሽ ግማሻቸውን መሬት ውስጥ እየቀበረ ከበር እስከ በረንዳ በመንገዱ ግራና ቀኝ ደረደራቸው። የድሮ አልጋቸውን ራስጌ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቡገንቪሊያ እንዲወጣበት አደረገ። ሰፌዱ ሲቀደድ ሰማያዊና ቢጫ ቀብቶ ሰቀለው። 

ባጃጅ ነጂዎች ቆም እያሉ ያዩ ጀመር። ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ ይመጣሉ። ደሳለኝም ሰው ሲመጣ በደስታ ያስገባል፤ ያስጎበኛል። ነገር ግን እንግዳው የቴሌቪዥኑን ጤና አዳም እያደነቀ ሳለ፣ የደሳለኝ ዓይን ሌላ ቦታ ነው። ጓዳ በር ላይ የተደገፈችውን አሮጌ ገበቴ ያያል፤ ምን ላድርጋት ይላል በሆዱ። የጨረሰው ነገር ደስ አይለውም። ደስ የሚለው ሊሠራ ያሰበው ነው። እሱም አልቆ ቦታውን ሲይዝ፣ ያው የለመደው ዕረፍት ማጣት ውስጡን መብላት ይጀምራል።

አሰገደች መጀመሪያ ወዳው ነበር። ማታ ማታ አብራው ታጠጣለች። “እንዲህ ያለ እጅ እንዳለህ ሳላውቅ ስንት ዓመት!” ትለው ነበር። ነገሩ የተበላሸው የማኅበር ሴቶች ቤቷ የመጡ ዕለት ነው። ሻይ ቀድታ ስኳር አቅርባ መሳቢያውን ስትከፍት አንድም የሻይ ማንኪያ የለም። እንግዶቿን ትታ ወጣች። ማንኪያዎቹ በሙሉ በክር ታስረው ማንጎው ላይ ተንጠልጥለዋል።

“እንግዶቼ ሻያቸውን በምን ያማስሉ?” አለች ድምፅዋን ቀንሳ።

“ንፋስ ሲመጣ ይንሿሿሉ። ቆይተሽ ብትሰሚው…”

“ንፋስ የት አለና በዚህ አገር!”

አንድ በአንድ ፈታቻቸውና አጥባ ይዛ ገባች። ሴቶቹ ሲሄዱ ግን ወጥታ ፊቱ ቆመች። “ስማኝ ደሳለኝ። ከእንግዲህ ሳትጠይቀኝ ከቤቴ ዕቃ እንዳታነሣ። የተሰበረም ቢሆን፣ የዛገም ቢሆን።” እሺ አለ። ከልቡም ነበር።

ሰኔ ላይ ልጃቸው ሶስና ደብረ ብርሃን ወለደችና አሰገደች ልታርሳት ሄደች። ቤቱ ጭር አለ። ደሳለኝ ብቻውን ሆኖ አያውቅም ማለት አይደለም፤ መኪና ላይ ዓመታቱን ያሳለፈው ብቻውን ነው። ያኔ ግን ቤቱ ሩቅ ነበር፤ መንገዱ ደግሞ ከፊቱ ነበር። አሁን ቤቱ ውስጥ ሆኖ መንገድ የለውም። ከክፍል ክፍል ይዘዋወራል። አንድ ሥራ ይጀምርና ሳይጨርሰው ሌላ ያነሣል። ቀለሙ ይደርቅበታል፤ ብሩሹን ረስቶት ይውላል።

መኝታ ቤቱ ጥግ፣ ዳንቴል የለበሰ፣ ላዩ ላይ ብርድ ልብስ የተቆለለበት የአሰገደች የስፌት መኪና አለ። በእግር የሚረገጥ የድሮ ሲንጀር ነው። ጀርባዋን ያማት ከጀመረ ወዲህ አልተቀመጠችበትም። ደሳለኝ ብርድ ልብሱን አንሥቶ አየው። የብረት እግሩ ላይ ያለውን ጥልፍልፍ ጌጥ በጣቱ ተከተለው። መለሰውና ወጣ። በማግስቱ እንደገና ገብቶ አየው። 

ሊጠይቃት ደወለ። ስልኩን አንሥታ ገና ሃሎ ስትል የሕፃኑ ለቅሶ ጆሮውን ሞላው።

“ምነው? ደህና ነህ?” አለች።

“ደህና ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ…”

“አሁን ልናጥበው ነው፤ በኋላ ደውልልኝ።”

በኋላ አልደወለም። ሲንጀሩን ጎትቶ በረንዳ ላይ አወጣው። ስትመጣ ደስ ይላታል አለ ለራሱ፤ ጥግ ውስጥ ተቀብሮ ከሚዝግ ሰው ቢያየው ይሻለዋል አለ። እጁ ከሥራው ጋር ከተያያዘ ወዲያ ደግሞ ሌላ ነገር አላሰበም። የስፌት መኪናውን ራስ ከጠረጴዛው ፈታው። ራሱ በተነሣበት ቀዳዳ ውስጥ አሮጌ የእጅ መታጠቢያ ሳህን አስገብቶ አፈር ሞላና ጽጌረዳ ተከለበት። የብረት እግሩን አረንጓዴ ቀባው። የመኪናውን ራስ ደግሞ ቀይ ቀለም ካጠጣው በኋላ በር ላይ ባለው የአጥር ምሰሶ ጫፍ ላይ በሲሚንቶ ተከለው። ከአስፋልቱ ላይ ሆኖ ይታያል።

አሰገደች የመጣችው በባጃጅ ነው። ሻንጣዋን ለማውረድ ጎንበስ ብላ ሳለ ባጃጅ ነጂው፣ “እትዬ፣ ቤታችሁ እኮ ቤተ መንግሥት ሆነ!” አላት። ቀና አለች። ምሰሶውን አየች። ነጂው ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዶ እንኳ እዚያው ቆማ ነበር።

ደሳለኝ በረንዳው ላይ እየጠበቃት ነው። ሳመችው። ጠረጴዛው ጋ ሄዳ የመታጠቢያ ሳህኑን ጠርዝ ነካች። 

“እንዴት ነው?” አላት።

“መሳቢያው ውስጥ የነበሩት ክሮች የት ናቸው?”

“አሉ። በቆርቆሮ አስቀምጬልሻለሁ።”

“መቀሴስ?”

“እሱም አለ።”

“እሺ” አለችና ገባች። እራት ሠርታ አቀረበችለት፤ እሷ ግን አልበላችም። ስለ ሕፃኑ ጠየቃት፤ ደህና ነው አለች። ሻንጣዋን አልፈታችም። ጠዋት ያንኑ ሻንጣ ይዛ በር ላይ ቆማ አገኛት።

“ማጀቴ ወይንሸት ጋ ልሄድ ነው” አለችው። ወይንሸት ማጀቴ ከተማ የምትኖር ታናሽ እህቷ ናት።

“ትናንት መጣሽ እኮ!”

“ትናንት መጣሁ፤ ዛሬ እሄዳለሁ።”

“በዕቃ ነው እንዲህ የሆንሽው? ዝገት ሊጨርሰው ነበር እኮ! ስንት ዓመት ነክተሽው አታውቂም።”

“አልነካሁትም” አለች። “የራሴ ስለሆነ ነው ያልነካሁት። የራሴን ዕቃ አለመንካትም መብቴ ነው።” 

ያን ቀን ደሳለኝ ተናደደ። ለዚህ ነው ቤት ጥሎ መሄድ? እያለ ግቢውን ሲዞር ዋለ። በማግስቱም ተናደደ፤ ግን ንዴቱ እንደ መጀመሪያው አልጸናለትም። ደወለ፤ አላነሣችም። ቀትር ላይ ሲደውል ወይንሸት አንሥታ፣ “ደህና ናት ጋሼ፤ ተኝታለች” አለችው። አሰገደች ቀን ተኝታ እንደማታውቅ ሁለቱም ያውቃሉ። ደብረ ብርሃን ደወለ። ሶስና ሁሉን ሰምታለች። “አባዬ፣ እኔ መሃል አልገባም” አለችው። “ግን ያንን መኪና እንዴት ነካኸው?”

እንዴት እንደነካው ለማንም ማስረዳት አቃተው። ሥራ ሊጀምር ሞከረ። ገበቴዋን አንሥቶ አስቀመጣት። ጎማ መቁረጥ ጀምሮ መሃል ላይ ተወው። አበቦቹን ጠዋት ያጠጣል፤ ረስቶት ይሁን ጭንቀት፣ ከሰዓትም ያጠጣል፤ ቡገንቪሊያው ውሃ በዝቶበት ቅጠሉን አራገፈ። የሚያልፍ ሰው “ግሩም ነው!” ሲለው ምሰሶውን ቀና ብሎ ማየት ፈራ። መጨረሻ ላይ መሰላል አምጥቶ መሮና መዶሻ ይዞ ወጣ። ሲሚንቶው እንዳሰበው አልለቀቀም። ደካማ ዓይኑን እያጨነቆረ፣ ብረቱን እንዳይመታው እየተጠነቀቀ ሸረፈው፣ ሸረፈው። ፀሐይ አናቱ ላይ ሆና ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ሳለ የመኪናው ራስ ተነቃነቀ። እንደ ሕፃን አቅፎት ወረደ።

በማዳበሪያ ጠቅልሎ ገበያው ዳር ያለው የኢብራሂም ልብስ ስፌት ቤት ወሰደው። ኢብራሂም ጎልማሳ ሰው ነው፤ ከተማው ውስጥ የስፌት መኪና የሚጠግን ሌላ የለም።

“አሰላሙ… ጋሼ ደሳለኝ! ምን ይዘው መጡ?”

“ያበላሸሁት ነገር አለ። እስኪ እየው።”

ኢብራሂም ማዳበሪያውን ገልጦ ቀዩን ራስ አወጣ። “ሱብሐነላህ!” አለና ገለበጠው። ሥሩን በአውራ ጣቱ ጠረገ። “ይቺ የእትዬ አሰገደች አይደለችም?”

“እንዴት አወቅካት?”

“ይቺን የተሸረፈች ቦታ ያያሉ? እኔ ነኝ የጣልኳት። ስፌት ስማር። ያን ዕለት ይገሉኛል ብዬ ሸሽቼ ነበር፤ እሳቸው ናቸው አስጠርተው መልሰው ያስቀመጡኝ።”

“አሰገደች አስተማረችህ?”

“እጅጌ መግጠም፣ ኮሌታ መገልበጥ፣ ሁሉንም። ለረመዳን የእኛ ሰዎች ልብስ ሲበዛብኝ እንኳ እሳቸው ያግዙኝ ነበር።” ኢብራሂም የደሳለኝን ፊት አየና ጨመረ፤ “እርስዎ ያኔ መንገድ ላይ ነበሩ።”

ከገዛ ቤቱ የወጣ ነገር፣ ያውም ገበያ መሃል፣ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ እንደ እንግዳ ሆኖ ተሰማው። ያን ያህል ዓመት ቤቴ ሲል የኖረው ምኑን ይሆን?

ኢብራሂም ብረቱን በነጭ ጋዝ ነከረው። ቀለሙ የመርፌው ዘንግ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ደርቋል። በመርፌ ጫፍ፣ በጥርስ ብሩሽ ይፈለቅቀው ጀመር። ደሳለኝ አጠገቡ ቆመ፤ ተቀመጠ፤ ተነሣ። ወደ በር ሄደ፤ ተመለሰ። “ይዞራል አሁን?” ይላል። ትንሽ ቆይቶ፣ “አሁንስ?”

“ጋሼ” አለ ኢብራሂም በመጨረሻ፣ “በአላህ ይሁንብዎ፣ ወይ ይቀመጡ ወይ ይሂዱ። የሰው ሱሪ እየረገጡብኝ ነው።”

ሄደ፤ በማግስቱ መጣ፤ ሄደ፤ እንደገና መጣ። እንዲህ ሲመላለስ ሰንብቶ አንድ ረፋድ ሲገባ ኢብራሂም በእጁ ጎማዋን እያዞረ መርፌዋ ወጣ ገባ ስትል አገኛት። ቀዩ ቀለም ለቅቋል። ከሥሩ የነበረው የወርቅ ቀለም ጌጥም አብሮ ሄዷል። ጥቁር፣ የተፋቀ ብረት ሆናለች።

“እንደ ድሮዋ አትሆንልዎትም” አለው። “አንዳንዴ ስፌት ትዘልላለች። ግን ትሰፋለች፣ አልሐምዱሊላህ።”

ደሳለኝ በሚቀጥለው ቀን መናኸሪያ ሄዶ የማጀቴ መኪና ውስጥ ገባ። ተሳፋሪ መሆን አያውቅበትም። ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጦ፣ ማዳበሪያውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በየኩርባው ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። ሾፌሩ በመስተዋት አይቶ “አባባ፣ ፍሬኑን እኔ እይዘዋለሁ” ብሎ ሳቀበት። አጣዬ ሲደርሱ ሳቁም ወሬውም ቀነሰ። አዲስ ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች መሃል፣ ጣራ የሌላቸው፣ በግጭቱ ጊዜ በእሳት የጠቆሩ ግድግዳዎች ዛሬም ቆመዋል። ከአንዱ ደጃፍ፣ በሩ ብቻ የቀረ ቤት ነው፣ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ የተተከለ ቀይ አበባ አየ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ እንዴት እንደተሠራ ነበር የሚያስበው። አሁን ግን ቆርቆሮው የማን እንደነበር አሰበ። የማን ወጥ ቤት ውስጥ እንደነበር፣ ማን ዘይቱን እንደጨረሰው። መኪናው ካለፈ በኋላም አንገቱን አዙሮ ያይ ነበር።

ማጀቴ ወይንሸት በሩን ከፈተችለት። “ይግቡ ጋሼ” አለችና ማዳበሪያውን አይታ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ሥራ እንዳለባት ሰው ወደ ጓሮ ሄደች። አሰገደች ጥላ ሥር ተቀምጣ በትሪ ማሾ ትለቅማለች። አልተነሣችም፤ አልተቆጣችምም። ከጎኗ ያለውን በርጩማ በእግሯ ወደ እሱ ገፋችለት።

የመኪናውን ራስ ከማዳበሪያው አውጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠው።

“ቀይ ነበረች” አለች።

“አስለቀቅኩት።”

“ማን ሠራት?”

“ኢብራሂም። አንቺ ነሽ አሉ ያስተማርሽው።”

“እኔ ነኝ።”

“አልነገርሽኝም።”

“ነግሬሃለሁ።” ማሾውን አንጓለለችው። “ስትመጣ እኮ ሁለት ቀን ነበር የምትቆየው። አንዱን ቀን ትተኛለህ፤ አንዱን ቀን መኪናህ ሥር ትገባለህ። መኪናው ሥር ሆነህ ስነግርህ እህ፣ እህ ብለኸኛል። እኔም የሰማኸኝ መስሎኝ ገባሁ።”

ደሳለኝ መሬት መሬት አየ። እህ እህ ማለቱን አያስታውስም፤ ግን ራሱን ያውቃልና አልካደም።

“ስትዘገይ ምን አደርግ እንደነበር ታውቃለህ?” አለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነው፤ ስለ ገበያ የምታወራ ነው የሚመስለው። “ክሩን ከመርፌው አውጥቼ ባዶውን እረግጥ ነበር። የምሰፋው ነገር ኖሮኝ አይደለም። ሶስና የስፌት መኪናውን ድምፅ ከሰማች ትተኛለች፤ ካቆምኩ ትነቃና ‘አባዬ መጣ?’ ትላለች። ስለዚህ አላቆምም። አንድ ጊዜ ሚሌ ላይ ተሳቢ ተቃጠለ ተብሎ ተወራ። የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ያን ሌሊት እስኪነጋ ረገጥኩ። ጀርባዬ ከዚያ ወዲህ ነው የታመመው፤ አንተ ‘ከዕድሜ ነው’ ትላለህ።”

“አሱዬ…”

“አንተ እግርህ አላርፍ ያለህ መኪና መንዳት ስታቆም ነው። እኔን እግሬ አላርፍ ያለኝ ግን አንተ ስትነዳ ነው።”

“ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?”

“ምን ብዬ? ከመጣህ በኋላማ ምን ይነገራል? መጥተሃል።”

ዶሮ መጥታ የተበተነውን ማሾ ለቀመች። አሰገደች አላባረረቻትም።

“አጠፋሁ” አለ ደሳለኝ። ሌላም ሊል ነበር፤ ደስ እንዲልሽ ነው፣ ደውዬ ነበር፣ ሕፃኑ ያለቅስ ነበር። ሁሉንም ዋጠው። “ሳልጠይቅሽ ወሰድኩ። አጠፋሁ።”

“ጽጌረዳው ያምራል” አለች። “አምሮ ነው የከፋኝ። ባያምር ኖሮ ነቅዬ ጥዬው፣ ተሳድቤ፣ በዚያው ያልቅ ነበር።”

“እንሂድ እንግዲህ።”

“አልሄድም።”

“ይቺንስ?”

“ራሷን ብቻ ምን ላድርጋት? እግሯ ያንተን አበባ ተሸክሞ ቆሟል።”

ደሳለኝ ብቻውን ተመለሰ። የመኪናዋን ራስ እዚያው ትቷት ነው የመጣው። በማግስቱ ጽጌረዳውን ከነአፈሩ አውጥቶ ጎማ ውስጥ አዛወረው። የመታጠቢያ ሳህኑን ሲያነሣ የጠረጴዛው እንጨት ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ ተጣሟል። ድንጋይ ጭኖበት ሁለት ቀን ጠበቀ፤ አልተስተካከለም። ዞር ብሎ አግዳሚውን ወንበር አየ። እሱ የሠራው የመጀመሪያ ትልቅ ዕቃ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚቀመጥበት። ደህናውን ሳንቃ ከእሱ አውጥቶ፣ ልጎ፣ ለጠረጴዛው አዲስ ገጽ አደረገው። አረንጓዴውን ቀለም ከብረት እግሩ ላይ ፋቀ። ኢብራሂም ጎማውን የሚያዞር አዲስ ጠፍር ሰጠው። ሁሉንም ገጣጥሞ በረንዳው ላይ፣ ጥላው በሚውልበት በኩል አቆመው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀኖች ከሁሉም የከፉ ነበሩ። የሚጠገን አልቀረም። መደወል ፈለገ፤ ግን የሚለውን ብሏል። ሂጂ ነይ የሚላት እሱ ማን ነው? ውሃ ያጠጣል። ይዞራል። መርገጫውን በእጁ አንድ ጊዜ ይነካና ጎማው ሲዞር አይቶ ቶሎ ይዘዋል፤ ራስ የሌለው መኪና ሲዞር ማየት አስጠላው። 

አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። አሰገደች ማዳበሪያውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሊቀበላት ሲሮጥ፣ “ከባድ ናት፤ ከሥሯ ያዛት” ብቻ አለችው። ሻንጣዋን ሳታስገባ፣ ውሃም ሳትጠጣ በረንዳው ላይ የመኪናዋን ራስ ከእግሯ ጋር አገናኘች። አዲሱን ሳንቃ በመዳፏ ዳሰሰችና ወደ ግቢው አየች። አግዳሚው በነበረበት ቦታ ድንጋዮቹ ብቻ ቀርተዋል። ክር አስገብታ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሞከረቻት።

“ትዘልላለች” አለች።

“ኢብራሂምም ብሏል።”

“እኔም ብሆን እዘል ነበር፤ ምሰሶ ላይ አውጥተኸኝ።” ደሳለኝ ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ነው መሳቅ ይገባው እንደሆነ የተጠራጠረው። እሷ ግን አልከፋትም። ጨርቁን አዙራ እንደገና ረገጠች።

በአንድ ቀን ሁሉ ነገር ቦታው አልገባም። አንዳንድ ቀን ዝም ትለዋለች። አንዳንድ ቀን እሱ እንደገና ጫማውን አድርጎ በሩ ጋ ሲቆም ታየዋለች። መጠየቅ ግን ለመደ፤ እንዲያውም አበዛው። በመስኮት በኩል አንገቱን አስገብቶ፣ “ይሄን ትሪ?” ይላል።

“አይሆንም።”

“ፋኖሱንስ?”

“ውሰደው።”

“ያቺን ትንሿን ድስት?”

“ደሳለኝ፣ ወጥ እየሠራሁባት ነው!”

እሷም ባልተጠበቀ መንገድ ሥራው ውስጥ ገባች። የእሱን ያለቀ የሥራ ቱታ ቆራርጣ ለበረንዳው ወንበሮች መቀመጫ ሰፋች፤ ኪሶቹን እንዳሉ ትታቸው። የማይለበስ ነጠላዋን የመስኮት መጋረጃ አደረገችው። መኪናዋ ስትዘል ትፈታለች፤ መልሳ ትሰፋለች። ጀርባዋ ሲያማት ትነሣለች፤ ደሳለኝ “ይብቃሽ” ሲላት ግን አትሰማውም።

በጋው ሲገፋ ሙቀቱ ችግኞቹን ማጠውለግ ጀመረ። አሰገደች ያረጁ አንሶላዎችን አንድ ላይ ሰፍታ ለአበቦቹ ዳስ ላድርግላቸው አለች። ጨርቁ ረጅም ስለሆነ ከመኪናው አልፎ በረንዳውን ይጠርጋል። “ና፣ ጫፉን ያዝልኝ” ብላ ጠራችው። መጥቶ ያዘ። በርጩማ ላይ አስቀመጠችው፤ ጨርቁም ከጭኑ ላይ ቀስ እያለ ወደ መርፌው ይሄድ ጀመር።

ጥቂት ቆየ። እግሩ አላርፍ አለው። ጎማ ውስጥ ያለችውን ጽጌረዳ ሳያጠጣት እንደቀረ ትዝ አለው።

“ልሂድ?” አላት።

“ገና ነው።”

መርፌዋ ዘለለች። አሰገደች ጎማዋን በእጇ ይዛ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ ከዘለለበት ጀምራ ፈታችው። ደሳለኝ አንድ እግሩን ከበርጩማው አሻግሮ ወደ ደረጃው አዙሯል፤ ጨርቁን ግን አልለቀቀም።

“አሁንስ?”

“ተጎተተብኝ” አለች ቀና ሳትል። “ቀና አድርገህ ያዘው።”

እግሩን መለሰና ቀና አድርጎ ያዘ።